ጠባብ ክፍል፣ አነስተኛ በጀት፣ የጌም ኮምፒውተር፦ ለደሴው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደሴ ሆጤ አካባቢ ሦስት በሦስት በሆነች የኪራይ ክፍል ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። አልጋው፣ ብፌውና የምናበስልበት ጥግ ሁሉም እዚያው ናቸው። የእግር ኳስ ጌም፣ ጂቲኤ 5ን እና ካውንተር ስትራይክ 2ን የሚያጫውት ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ገዝቼ ለመገጣጠም አስቤያለሁ። በጀቴ ከአንድ መካከለኛ ስልክ ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል። ቦታ ስለሌለኝ በሚኒ አይቲኤክስ ኬዝ (በትንሹ የኮምፒውተር ሣጥን) ሠርቼ ብፌው ውስጥ ላስገባው ነው፤ እዚያ አቧራም አያገኘውም። አንድ ነጋዴ በበኩሉ ኮር አይ7 ፕሮሰሰር (ዋናውን ስሌት የሚሠራው ክፍል) ያለው ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተህ ባለ 8 ጊጋ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ ግጠምበት፣ ፓወር ሰፕላዩን በ700 ዋት ቀይረው፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግህም ብሎኛል። የትኛው ይሻለኛል?»

ሁለቱንም አልመክርም። የመጀመሪያው ሐሳብ በጀትዎን በኬዝና በማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ያስጨርስዎታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ነጋዴው በነገረዎት መልኩ ሊገጣጠም አይችልም። ከሁለቱም ሥር ያለው ስሕተት ግን አንድ ነው፤ ጠባብ ክፍል ትንሽ ኬዝ ይፈልጋል የሚለው ግምት። ጠባብ ክፍል የሚፈልገው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበላ፣ በዚህም ምክንያት ጥቂት ሙቀት የሚያወጣና ብዙ የማይጮህ ኮምፒውተር ነው። ኬዙ በአሥር ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ወይም ቢረዝም እርስዎም ወንድምዎም ልዩነቱን ከሳምንት በኋላ ትረሱታላችሁ፤ ዕቃዎቹ 120 ዋት ወይም 300 ዋት መብላታቸውን ግን በየምሽቱ ታውቁታላችሁ።

የመጠኑን ጉዳይ በቁጥር እንየው። የሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው እስከ 24.4 በ24.4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ለማይክሮ ኤቲኤክስ የሚሆን ተራ ኬዝ ቆሞ ሲቀመጥ ከወለልዎ ወይም ከጠረጴዛዎ የሚወስደው ቦታ ወደ 20 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ይህም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሚይዘው ቦታ እምብዛም አይርቅም። ሚኒ አይቲኤክስ ከዚህ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይቀንስልዎታል። በምላሹ ግን ያንኑ ሥራ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ለማጨቅ የወጣውን ወጪ ይከፍላሉ፤ ትንሽ ስለሆነ ይረክሳል ብለው አስበው ከሆነ ነገሩ በተቃራኒው ነው። የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ማስገቢያው ሁለት፣ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ብዙዎቹ ትንንሽ ኬዞች ኤስኤፍኤክስ የሚባለውን አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ መጠየቃቸው ነው። መደበኛው ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል በማግስቱ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ወርደው ሊተኩት ይችላሉ፤ ኤስኤፍኤክሱ ቢቃጠል ግን ከአዲስ አበባ፣ ሲብስም ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠብቃሉ።

ወደ ብፌው እንምጣ። ኮምፒውተር የሚወስደው እያንዳንዱ ዋት በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ምስል ወይም ድምፅ ሆኖ የሚጠፋው ከቁጥር አይገባም። 250 ዋት የሚበላ ማሽን ብፌ ውስጥ ዘግተው አንድ ሰዓት ሲጫወቱ፣ ፋኑ የሚስበው አየር እሱው ቀደም ብሎ ያሞቀውን ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ከተወሰነላቸው የሙቀት ጣሪያ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ጌሙ መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ሆኖ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መንተባተብ የሚጀምርበት አንዱ የተለመደ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ዘንድ «ካርዱ ተበላሽቷል» ተብለው ከሚመጡት ማሽኖች መካከል ብፌው ተከፍቶ ወይም ጀርባው ተፈንቅሎ ብቻ የዳኑ አሉ። አቧራንም ቢሆን ብፌ አይከለክልም፤ ፋን እስካለ ድረስ አየር ከሆነ ስንጥቅ ይሳባል፣ አቧራውም ከአየሩ ጋር ይገባል።

በዚህ ላይ የከፍታችን ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም በዚያ አየር ውስጥ ሙቀት የሚሸከመው ነገር ስለሚያንስ፣ በውጭ አገር ተፈትኖ «ቀዝቃዛ ነው» የተባለ ጠባብ ኬዝ ጦሳ ሥር ሲመጣ እንደተጻፈለት አይቀዘቅዝም። የደሴ የአየር ጠባይ ራሱ ብርድ በመሆኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ከቁምጣ በላይ በማይለበስበት በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ ግን አየሩ በመጠኑ ወፈር ቢልም ሙቀቱ ያንን ይበላዋል። ስለዚህ በደሴም ሆነ ሐረጎን ወርደው ቢኖሩ ምክሬ አይለወጥም፤ የፊት ለፊት ገጹ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት የሚያስገባ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ያለው ሰፋ ያለ ኬዝ ይምረጡ። ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ማከማቻ) የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ከፍታ ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ በመሆኑ፣ ለአብዛኞቹ የሚፈቀደው የሥራ ከፍታ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከዚያ በታች ናት፤ ማሽኑን ይዘው ወደ ለጋምቦ ደጋ ለሚወጡ ግን ጉዳዩ ተራ ዝርዝር አይደለም።

የነጋዴውን ምክር በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ገዢ የሚከስረው በዚህ ዓይነቱ ንግግር ነው። «ኮር አይ7» ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ7-4770 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አራተኛ ትውልድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ3-12100 እንደሱው አራት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ብቻ ይዞ በጌም በግልጽ ይቀድመዋል፤ የሚበላውም ኤሌክትሪክ ያንሳል። ከቢሮ የወጡ ማሽኖችን ሲያዩ ቁጥሩ ከ8 የሚጀምር፣ ማለትም ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ይፈልጉ። ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

«ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር» የተባለው የዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ፣ የነጋዴው ዕቅድ እዚያው ይቆማል። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አምራቹ ለራሱ በቀረጸው መጠንና በራሱ ሶኬት የተሠራ ነው፤ አቅሙም በአብዛኛው 200 ዋት አካባቢ ነው። ከገበያ የሚገዛ መደበኛ 700 ዋት ፓወር ሰፕላይ በኬዙ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባ እንኳ ገመዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት የሚጠይቅ፣ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ የሚፈልግና ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ነው፤ ቀጭኑ ኬዝ ደግሞ የሚቀበለው ግማሽ ቁመት ያላቸውን ካርዶች ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ረጅሙ ማስገቢያ ከፓወር ሰፕላዩ ጎን ስለሚውል ውፍረቱ ሁለት ማስገቢያ የሚይዝ ካርድ ጨርሶ አይቀመጥም። ነጋዴው ይህን አያውቅም ብዬ አልገምትም፤ ሊሸጥልዎ የፈለገው አንድ ማሽን ሳይሆን ሁለት ጊዜ ዕቃ ይመስለኛል።

ስለ «ባለ 8 ጊጋ»ም ቃል ልጨምር። የግራፊክስ ካርድ ማኅደረ ትውስታ እንደ ጎተራ ነው፤ ጎተራው መስፋቱ እህሉን የሚያበጥረውን ሰው ፈጣን አያደርገውም። ጂቲ 730 የሚባለው ያረጀ ካርድ ባለ 4 ጊጋ ሆኖ ይሸጣል፤ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራውና እንዲሁ 4 ጊጋ ያለው ጂቲኤክስ 1650 ግን በፍጥነት ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ያገለገሉ አርኤክስ 580ዎች ብዙዎቹ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ሲቆፍሩ፣ ማለትም ለገንዘቡ ሲያሰሉ የኖሩ ናቸው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በካርድ መቆፈርን ሲተው ቀን ከሌት የሠሩ ካርዶች ተወልውለው ወደ ገበያ ጎረፉ። ቆፋሪ ካርድ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ፋኑና የማኅደረ ትውስታ ማቀዝቀዣው ግን ዕድሜውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ አርኤክስ 580 የሚል ስም ይዞ የውስጥ ማስሊያ ክፍሎቹ በቁጥር 2,304 መሆን ሲገባቸው 2,048 ብቻ የሆነ፣ በተግባር የአርኤክስ 570 አቅም ያለው ዓይነት በብዛት አለ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ቁጥር ያሳያል፤ ስሙ በባዮስ (ዕቃውን በሚያስነሣው የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ የተጻፈበትን አሮጌ ካርድም ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ይጠቁማል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ።

700 ዋት የሚለው ጽሑፍም እንደዚሁ ነው። ፓወር ሰፕላይ በጎኑ ላይ ሠንጠረዥ አለው፤ ሊመለከቱ የሚገባው 12 ቮልት የሚለው ዓምድ ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ መስመር ነውና። በሽፋኑ 700 ተብሎ በሠንጠረዡ 12 ቮልት ላይ 20 አምፔር የተጻፈበት ዕቃ ለሥራ የሚሰጥዎ 240 ዋት ብቻ ነው። የሚታወቅ አምራች የሠራው፣ የ80 ፕላስ ምልክት (የኤሌክትሪክ ቁጠባ ማረጋገጫ) ያለበትና በ12 ቮልት 38 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚሰጥ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከዚያ 700 እጅግ ይሻላል። በእጅዎ ይመዝኑት፤ በጣም ቀላል ከሆነ ውስጡ ሊኖሩ የሚገባቸው ማጣሪያዎች አልገቡም ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ፤ ሲሞት ብቻውን አይሞትምና።

ስለ ኤሌክትሪኩ አልጠየቁኝም። በኪራይ ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ከኬዙ መጠን ይልቅ ይህ ሊያሳስበው ይገባል። የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ወደ 18 አምፔር ነው። አንድ ቆጣሪ በሚጋራ ግቢ ውስጥ አከራይዋ ምጣዱን ስታበራ በቀጭን ሽቦ ወደ እርስዎ ክፍል የሚመጣው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ስታጠፋው ደግሞ ድንገት ይመለሳል። አምፖልዎ ጋገራ ሲጀመር የሚደበዝዝ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ይህን መዋዠቅ በአብዛኛው ይችለዋል፤ በጎኑ ላይ ያለውን «ግቤት» የሚለውን መስመር አንብበው ያረጋግጡ። የሚቀበለው የቮልቴጅ መጠን ከዚህ የጠበበ ከሆነ ግን ስታብላይዘር (ቮልቴጅ ማረጋጊያ) ግዴታ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያለውን የቮልቴጅ መዝለል ለማለፍ ደግሞ ሶኬቱን መንቀልና ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ከማንኛውም መሣሪያ ይረክሳል። 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ጌሙን አስቀምጠው ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ የደቂቃዎች ጊዜ ይሰጣል እንጂ መብራት እስኪመጣ አያጫውትም። በበጀትዎ ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን አይታለፉ። የመጀመሪያው፣ ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ሲሰካ በሴኮንድ ውስጥ ይፈነዳል። በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ ይህን ሳላይ ሰክቼ የደንበኛ ዕቃ አቃጥዬ ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ነገር በፊት ዓይኔ እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው የመሬት ሽቦ ነው። በብዙ የኪራይ ክፍሎች ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖረውም ከኋላው የተያያዘ የመሬት ሽቦ የለም። ያኔ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ከመስመሩ ቮልቴጅ ግማሽ የሚጠጋውን በብረቱ ኬዝ ላይ ያሳርፈዋል፤ ባዶ እግርዎን ሲሚንቶ ላይ ቆመው ሲነኩት የሚሰማዎ መንዘር ከዚያ የመጣ ነው። የሚፈስሰው በጣም ትንሽ በመሆኑ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ነገር ግን ውስጡ ሌላ ብልሽት ቢፈጠር የሚከላከልልዎ ነገር የለም ማለት ነው። አከራይዎን አነጋግረው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስተካክሉት፤ ሦስተኛውን ጥርስ መቁረጥ ወይም በሁለት ጥርስ ማከፋፈያ ማሳለፍ መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። በእርስዎ በጀት አካባቢ ሊታሰቡ የሚገባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የግራፊክስ ክፍሉን በውስጡ የያዘውን ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር ገዝቶ ለጊዜው ያለ ካርድ መጫወት ነው። ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ክር (በአንድ ጊዜ የሚያካሂዳቸው የሥራ ሰልፎች) አለው፤ የተመደበለት የሙቀት መጠን 65 ዋት ሲሆን፣ በካርቶኑ ውስጥ ማቀዝቀዣው አብሮት ይመጣል። ጠቅላላ ማሽኑ ጌም ላይ ሆኖ ከ120 ዋት ብዙም አይዘልቅም። ጂቲኤ 5ን በቀድሞው እትም በ1080 የምስል ጥራት (ሙሉ ኤችዲ) በመካከለኛ ቅንብር በደህና ያጫውታል። ካውንተር ስትራይክ 2ን በዝቅተኛ ቅንብር ይችላል፤ ጭስ ሲበዛና ተኩስ ሲጦፍ ግን ፍጥነቱ ሲወርድ ያዩታል። የቅርብ ዓመታት የእግር ኳስ ጌሞች በዝቅተኛ መስፈርትነት የሚጠይቁት እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያለ ካርድ በመሆኑ 5600ጂ ከዚያ በታች ይወድቃል፤ ጥራቱን ወደ 720 አውርደው ይጫወታሉ፣ በየዓመቱ የሚወጣውን አዲስ እትም ግን አይጠብቁ።

ሁለተኛው መንገድ አይ3-12100ኤፍ የመሰለ ርካሽ ፕሮሰሰር ከአርኤክስ 6600 ጋር ማጣመር ነው። የተጠቀሱትን ጌሞች ሁሉ በከፍተኛ ቅንብር ያጫውታል። ካርዱ የሚበላው 132 ዋት ነው፤ ከአርኤክስ 580 ያነሰ በልቶ በእጅጉ የበለጠ ይሠራል። ለክፍልዎም የሚስማማው ጥምረት ይህ ነበር፤ ችግሩ ዋጋው በአንድ ጊዜ ከያዙት ገንዘብ የሚያልፍ መሆኑ ነው። በስሙ መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የውስጥ ግራፊክስ ስለሌለው፣ ካርድ ሳይገዙ ምስል እንኳ አያሳይም። «ካርዱን ኋላ እጨምራለሁ» የሚል ሰው ኤፍ ያለውን አይግዛ።

ሦስተኛው፣ ያገለገለ የቢሮ ማሽን ነው፤ ግን ቀጭኑ ሳይሆን ረጅሙ ኬዝ ያለው፣ ስምንተኛ ትውልድ አይ5-8500 የመሰለ ስድስት ኮር የያዘና የካርድ ማስገቢያው ሰፊ የሆነ። በሱ ላይ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ፣ ለምሳሌ 75 ዋት የሆነው ጂቲኤክስ 1650 ወይም 70 ዋት የሆነው ባለ 6 ጊጋ አርቲኤክስ 3050 ይገጠማል። የጂቲኤክስ 1650 አንዳንድ ሞዴሎች ገመድ ስለሚፈልጉ ካርዱን አይተው ይግዙ። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ አርኤክስ 6400ን ወይም 6500 ኤክስቲን አይግዙ፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገሩት በአራት የመረጃ መስመር (ፒሲአይ ኤክስፕረስ) ብቻ ነው፣ በእነዚህ አሮጌ ቦርዶች ላይ ያሉት መስመሮች ደግሞ ሦስተኛ ትውልድ በመሆናቸው ካርዱ ከአቅሙ በግልጽ በታች ይሠራል። ይህ መንገድ በብር ሲተመን ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ይረክሳል። ማሽኑ ግን መጨረሻው ያው ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም ቦርዱም የአምራቹ የራሱ ቅርጽ በመሆኑ ነገ የሚያሳድጉት ነገር የለም።

የእኔ ምክር የመጀመሪያው ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ማለትም ካርድ ለመጨመር የተዘጋጀ ሆኖ ከተገጣጠመ። ማዘርቦርዱ ማይክሮ ኤቲኤክስ መጠን ያለው ኤ520 ወይም ቢ550 ይሁን። ቢ450 በርካሽ ቢያገኙ ባዮሱ ለራይዘን 5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች የታደሰ መሆኑን ነጋዴው አስነሥቶ ካላሳየዎ አይውሰዱት፤ ካልታደሰ ማሽኑ አይነሣም፣ ለማደስም ሌላ አሮጌ ፕሮሰሰር መዋስ ሊያስፈልግዎ ይችላል። ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4-3200 ይሁን እንጂ አንድ ባለ 16 አይሁን። የ5600ጂ ግራፊክስ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው የሚጠጣው ከራሙ ነው፤ አንድ ራም በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ሲያሳልፍ ሁለቱ አንድ ላይ 51.2 ያሳልፋሉ። ብዙ ሰው «5600ጂ አያጫውትም» የሚለው በአንድ ራም ሞክሮት ነው። ከገጠሙት በኋላም ባዮስ ገብተው የራሙን ፍጥነት ወደ 3200 ከፍ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ሲነሣ ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ነው የሚነሣው። ኤስኤስዲው ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዓይነት) ሆኖ ከተቻለ 1 ቴራባይት ይሁን። ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይዟል፤ በስልክ ዳታ ያወረዱትን ጌም ለቦታ ብሎ ማጥፋትና እንደገና ማውረድ ከኤስኤስዲው ልዩነት በላይ ያስወጣዎታል።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሳምንት ዕድሜ ያለው ዋጋ እንኳ ያሳስታልና። ድርሻውን ግን ልንገርዎ። ከሞኒተር በስተቀር ያለውን ገንዘብ አሥር ቦታ ቢከፍሉት ሦስቱ ለፕሮሰሰሩ፣ ሁለቱ ለማዘርቦርዱ፣ አንድ ተኩል ለራሙ፣ አንድ ተኩል ለፓወር ሰፕላዩ፣ አንዱ ለኤስኤስዲው፣ የቀረው አንድ ለኬዙ ይሁን። ኬዙ ከዚያ በላይ ከጠየቀዎ መስታወቱንና የሚያብለጨልጨውን መብራት እየገዙ ነው። ሞኒተር ከሌለ ለጊዜው ቴሌቪዥኑ ላይ በኤችዲኤምአይ ይሰኩት፤ በቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ «ጌም ሞድ» ካለ ያብሩት፣ አለዚያ ጠቅ ባደረጉበትና ምስሉ በታየበት መካከል መዘግየት ይኖራል። በኋላ ሞኒተር ሲገዙ ከጀርባው አራት የብሎን ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጠረጴዛው ለወንድምዎ ደብተር ነጻ ይሆናል። በጠባብ ክፍል ቦታ የሚገኘው ከኬዙ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ካርዱን ለመጨመር ገንዘብ ሲደርስ አርኤክስ 6600ን ያስቡ። 5600ጂ የሚሰጠው የሦስተኛ ትውልድ መስመር ቢሆንም ካርዱ ስምንት መስመር ስለሚጠቀም የሚጎድልበት ጥቂት ነው፤ 500 ዋቱ ፓወር ሰፕላይም ይበቃዋል። «ጂ» ከሌለው ራይዘን 5 5600 ጋር ሲነጻጸር 5600ጂ ግማሽ መሸጎጫ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ) ብቻ ስላለው በዚያ ካርድ ላይ የተወሰነ ፍጥነት ያጣሉ። ይህ ዛሬ ያለ ካርድ ለመጫወት የከፈሉት ዋጋ ነው፤ ለእርስዎ ሁኔታ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የኢንተርኔት ጨዋታ መዘግየት ግን ከዚህ ውስጥ በየትኛውም ዕቃ አይስተካከልም፤ የጨዋታው አገልጋይ ባሕር ማዶ በመሆኑ ከደሴ የሚሄደው መልእክት መንገዱን ይጓዛል።

ማሽኑን የት ያስቀምጡት? ወለሉ ላይ አይደለም፤ መጥረጊያ የሚያነሣው አቧራ በቀጥታ ይገባበታል። ከጠረጴዛው ጫፍ ወይም ከጠንካራ የግድግዳ መደርደሪያ ላይ፣ ጀርባው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ከምታበስሉበት ጥግ በተቃራኒው ይሁን። በአንድ ክፍል ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ከሰል በሚነድበት፣ ዕጣንና አድሩስ በሚጨስበት ቤት ጭሱ ከሽንኩርት ቁሌት እንፋሎት ጋር ሆኖ በማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ሽፋን ይሠራል፤ ይህ እንደ በጋ አቧራ በመንፋት ብቻ አይለቅም። ቡናውን ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ ሲፈላ ማሽኑ ይጥፋ፣ መስኮቱም ይከፈት። ወንፊቱን በየወሩ፣ ውስጡን በየሦስት ወሩ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። ሲያጸዱ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ በአየር ግፊት እንዲሽከረከር አይተዉት።

ዕቃዎቹን ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ ተገጣጥሞ እንዲመጣ አይፍቀዱ፤ 400 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ እየተንገጫገጨ ሲመጣ ከባድ ካርድ ማስገቢያውን ሊሰብር፣ ማቀዝቀዣውም ሊላቀቅ ይችላል። በየካርቶኑ ይምጣና ደሴ ይገጣጠም። የግድ ተገጣጥሞ ከመጣ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል፤ ኬዙም ማዘርቦርዱ ከታች ሆኖ በጎኑ ይተኛ። በክረምቱ ጉም ሌሊት የተጓዘ ዕቃ ሞቅ ካለ ክፍል ሲገባ ላብ ስለሚያበጅ፣ ካርቶኑን ከፍተው ሁለት ሰዓት ሳይነኩት ያቆዩት። ከሱቅ በእጅዎ የሚረከቡ ከሆነ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑ ተነሥቶ ጌም ላይ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ፤ የራሙን ቁጥርና ፍጥነት፣ የፕሮሰሰሩን ስምና ሙቀት በስክሪኑ ላይ ያንብቡ። ነጋዴው ሠላሳ ደቂቃውን ከከለከለዎ ከሌላ ሱቅ ይግዙ።